አየርላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፦ ሳይዋጉ የጦርነት ኑሮ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በጦርነት ጊዜ ገለልተኛ አገር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ነገር ነው። ሌሎቹ ይፋለማሉ፣ ያቺ አገር ዳር ቆማ ለሁሉም ትሸጣለች፣ ትከብራለች። ስዊድን የብረት ማዕድኗን ለጀርመን ሸጣለች። ፖርቱጋልም ቮልፍራም የሚባለውን ማዕድን ለሁለቱም ወገን ሸጣ ጥሩ ገንዘብ አግኝታበታለች። አየርላንድ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። ፋብሪካዎቿ ጥሬ ዕቃ አጥተው ተዳከሙ። ከብትና ቢራ ከመሸጥ ባሻገር ለጦርነቱ ያዋጣችው ትልቁ ነገር የሰው ጉልበት ነበር። ከዚህ በታች ስለዚያ ዘመን በብዛት የሚነሡ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምታወሩት ስለ የትኛዋ አየርላንድ ነው?

ስለ ደቡቧ፣ ዋና ከተማዋ ደብሊን ስለሆነችው። ደሴቲቱ ከ1921 ወዲህ ለሁለት ተከፍላለች። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ አካል ስለነበረች ጦርነቱ ውስጥ ነበረች። የቤልፋስት የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። ጀርመንም ቤልፋስትን በ1941 ሚያዝያ ላይ ክፉኛ ደበደበቻት። ያን ሌሊት የደብሊን የእሳት አደጋ መኪናዎች ድንበር ተሻግረው ሊረዱ ሄደዋል። ገለልተኛ አገር፣ ግን ጎረቤት ሲቃጠል ዝም ማለት አልሆነላትም።

ለምን ገለልተኛ ሆነች? ከብሪታንያ ጋር መቆም አይቀላትም ነበር?

ጂኦግራፊውን ብቻ ካየን ይቀላታል። ታሪኩን ስናይ ግን አይሆንም። አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ተዋግታ ነፃ ከወጣች ገና 20 ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያም የእርስ በርስ ጦርነት አይታለች። በብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ዝመቱ ቢባል አገሩ እንደገና ይፈርስ ነበር። ሠራዊቷም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ብሪታንያ በእጇ ያቆየቻቸውን ሦስት የባሕር ኃይል ወደቦች በ1938 መልሳላታለች። እነሱ ባይመለሱ ኖሮ ገለልተኛ ነኝ ማለቱ ራሱ ቀልድ ይሆን ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኛን በቀጥታ የሚነካ። የመንግሥቱ መሪ ኤመን ዴ ቫሌራ በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ታዋቂ ሰው ነበር። ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር አየርላንድ በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ደግፋለች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 30 ቀን 1936 ያን ዝነኛ ንግግር አደረጉ። ዴ ቫሌራ በሐምሌ 2 ቀን እዚያው መድረክ ላይ ቆመ። እኛም የተወረርንና የተከፋፈልን ትንሽ ሕዝብ ስለሆንን የኢትዮጵያ ሕመም ከሌላው ይበልጥ ይሰማናል አለ። ቀጥሎ የተናገረው ነው የሦስት ዓመት በኋላውን ነገር የሚያስረዳው። ትልልቆቹ መንግሥታት ግዴታቸውን ካልተወጡ፣ ትንንሾቹ ማድረግ የሚችሉት የማንም ትልቅ መንግሥት መሣሪያ አንሆንም፣ ሳንፈልግም ጦርነት ውስጥ አንጎተትም ብሎ መቁረጥ ነው አለ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን ብቻዋን ሲተዋት ያየ ሰው ተስፋ ቢቆርጥበት አይፈረድበትም።

ለምንድነው አየርላንዶች ጦርነቱን «ኢመርጀንሲ» የሚሉት?

በ1939 መስከረም መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ስላወጀ ነው። አገሪቱ ጦርነት ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ ጦርነት ተብሎ አይጠራም። ስሙ እዚያው ቀረ። አሁንም ሽማግሌዎች «በኢመርጀንሲው ጊዜ» ይላሉ።

ፋብሪካዎቿ በጦርነቱ አልተጠቀሙም?

ተጎዱ እንጂ። በ1930ዎቹ መንግሥት ቀረጥ ከፍ እያደረገ ብዙ አዳዲስ ፋብሪካዎችን አቋቁሞ ነበር። ጫማ፣ ጨርቅ፣ ጎማ፣ የመኪና መገጣጠሚያ፣ ሲሚንቶ። ችግሩ፣ አብዛኞቹ የሚሠሩት ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ ነበር። ኮርክ ከተማ ውስጥ ፎርድ መኪና ይገጣጠም ነበር። እዚያው ዳንሎፕ ጎማ ያመርት ነበር። የመኪና ዕቃና ላስቲክ መምጣቱን ሲያቆም የሁለቱም ሥራ ቆመ። የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ምርት በጦርነቱ መሐል ከቀድሞው በሩብ ገደማ ወርዶ ነበር።

ብሪታንያም አውቃ ጨክናባታለች። ቸርችል ወደቦቹን መልሶ መጠቀም ይፈልግ ነበር። ዴ ቫሌራ እምቢ አለ። በ1941 መጀመሪያ ላይ ለንደን ወደ አየርላንድ የሚሄደውን ዕቃና የመርከብ ቦታ ሆን ብላ ቀነሰች። በይፋ ማዕቀብ ነው አላለችም። ዕቃው ብቻ ቀስ በቀስ ጠፋ። ቤንዚን ቀድሞ ሄደ፣ ማዳበሪያ ተከተለ፣ የድንጋይ ከሰልም ጥራቱ ወርዶ አመድ የሚመስል ትቢያ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማብቃቃት ሥራ የወደቀው ሾን ሌማስ በተባለ ሚኒስትር ላይ ነው። በ1939 አዲስ የአቅርቦት ሚኒስቴር ተቋቁሞ እሱ ተሾመበት። በኋላም ኢንዱስትሪና ንግድን ደርቦ ያዘ። ሰዉ እሱንና ለአንድ ሰው በሳምንት የተመደበውን ግማሽ አውንስ ሻይ አንድ ላይ ያማ ነበር። ይኸው ሰው በ1959 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ደሴት ሆና መርከብ አልነበራትም የሚባለው እውነት ነው?

ወደ እውነቱ ይጠጋል። ትንንሽ መርከቦች ነበሩ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ስንዴ የሚያመጣ ግን አልነበራትም። ለዘመናት ዕቃዋን የሚያመላልሱላት የብሪታንያ መርከቦች ናቸው። ጦርነት ሲመጣ ብሪታንያ መርከቦቿን ለራሷ ሰበሰበች።

መንግሥት በ1941 መጋቢት አይሪሽ ሺፒንግ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ያረጀ፣ የተጎዳ፣ ሌላው የጣለው መርከብ ሁሉ ተለቅሞ ተገዛ። በጦርነት ገበያ ማን ጥሩ መርከብ ይሸጥልሃል? በእነዚህ አሮጌ መርከቦች ስንዴ ከሰሜን አሜሪካ መጣ። በመርከቦቹ ጎን ላይ «ኤሬ» የሚለው የአገሪቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በሌሊት መብራት ይበራበት ነበር። ሌላው መርከብ ተደብቆ ይሄዳል፣ የእነሱ ደምቆ ይሄዳል። ያም ሆኖ ሁለቱ ሰምጠዋል። አይሪሽ ፓይን በ1942 ኅዳር ከነ 33 ባሕረኞቿ ቀረች። አይሪሽ ኦክ በ1943 ግንቦት ብትመታም ሰዎቹ ተርፈዋል።

ስለ መርከብ ከተነሣ ኬርሎግን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በጣም ትንሽ መርከብ ናት። በ1943 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ጦርነት ተደርጎ የጀርመን መርከቦች ሰጥመው ነበር። ኬርሎግ ከውሃው ውስጥ 168 ጀርመኖችን አውጥታ ጫነች። ብሪታንያ ወደ እኔ ወደብ አምጧቸው አለች። ካፒቴኑ ሬዲዮውን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ አየርላንድ ኮብ ወደብ አመጣቸው።

የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ ሕዝቡ ምን አነደደ?

ረግረጉን። የአየርላንድ መሬት ትልቅ ክፍል ረግረግ ነው። በዚያ ውስጥ ሣርና ቅጠል ለሺዎች ዓመታት እየተጠራቀመ ጥቁር፣ ወፍራም አፈር ሆኗል። እሱን እንደ ጡብ ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። እንደ ኩበት ይነድዳል። «ተርፍ» ይሉታል። የገጠሩ ሰው ድሮም የሚያነድደው እሱን ነው። አዲሱ ነገር ከተሜው ሁሉ እሱን ማንደዱ ነው።

ዘመቻው ትልቅ ነበር። የአውራጃ ምክር ቤቶች ሠራተኛ ቀጥረው ቆረጡ። ወታደር ቆረጠ። ከምዕራብ አገሪቱ ድሃ መንደሮች ወጣቶች ወደ ኪልዴር ረግረጎች መጥተው በካምፕ እየኖሩ ቆረጡ። ምርቱ ወደ ደብሊን በባቡርና በጀልባ ተጓጉዞ ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ተከመረ። በፓርኩ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተርፍ ክምር እንደ ቤት ቆሞ ይታይ ነበር። ደብሊኖችም መንገዱን «አዲሱ የረግረግ መንገድ» ብለው ሰየሙት። ቀልዱ አይቀርም።

ችግሩ የአገሩ ሰማይ ነው። እዚያ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም። ብዙው ተርፍ እርጥብ እንደሆነ ለከተማው ሰው ተሸጠ። በሚዛን ነውና የሚሸጠው፣ ሰዉ ውሃ ገዛ ማለት ነው። ደርቆም ቢሆን የድንጋይ ከሰልን ያህል ሙቀት ለማግኘት ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋል።

ባቡሮቹም አሳዛኝ ሆኑ። ትቢያ ከሰልና ተርፍ እያነደዱ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ምድጃው ይጠረጋል፣ እንደገና እሳት ይያያዛል። መንገደኛው ወርዶ ይጠብቃል። የብዙ መስመሮች ጉዞ በሳምንት ወደ ጥቂት ቀናት ወረደ። ከ1943 ጀምሮ የግል መኪና ከመንገድ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጋሪና ብስክሌት ተመለሱ።

«ግሊመር ማን» ማን ነው?

የጋዝ ተቆጣጣሪ። በደብሊን የማብሰያ ጋዝ ከ1942 ጀምሮ በቀን ለተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ይለቀቅ ነበር። ከሰዓቱ ውጭም ቢሆን በቱቦው ውስጥ ትንሽ ጋዝ ይቀራል። በዚያች ጭላንጭል እሳት ሻይ ማፍላት ክልክል ነው። ተቆጣጣሪው ድንገት በር ያንኳኳል፣ ምድጃውን በእጁ ይዳስሳል። ሞቅ ካለ ጋዝዎ ይቆረጣል። የሰፈሩ ልጆች ሰውየውን ከሩቅ ሲያዩት እየሮጡ ለእናቶቻቸው ይናገሩ ነበር። ባልዲ ውሃ ምድጃው ላይ የሚደፉ ነበሩ ይባላል።

ምግብስ? ተርበው ነበር?

በጅምላ ረሃብ አልነበረም። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ድንች ነበረ። ቅቤም ከብሪታንያ ይልቅ በተሻለ ይገኝ ነበር። ግን ሁሉም እኩል አልበላም። የከተማ ድሃ ዋና ምግቡ ዳቦና ሻይ ነው። የጎደሉት ደግሞ በትክክል እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሻዩ የሁሉም መነጋገሪያ ነበር። በዓለም ላይ ብዙ ሻይ ከሚጠጡት ሕዝቦች አንዱ ለአንድ ሰው በሳምንት ግማሽ አውንስ ተመደበለት። 14 ግራም ገደማ ነው። ብሪታንያ ውስጥ 2 አውንስ ነበር። ያው ቅጠል እየደረቀ እንደገና ይፈላል። ከሰሜን አየርላንድ ሻይና ነጭ ዱቄት በድንበር ይገባል፣ ከደቡብ ቅቤ ይወጣል። ኮንትሮባንድ ድንበር ባለበት ሁሉ አለ።

ዳቦውን በተመለከተ፣ መንግሥት ገበሬውን እረስ ብሎ አስገደደ። አየርላንድ የሣርና የከብት አገር ናት፣ ገበሬው ሣሩን መገልበጥ አይወድም። በ1940 ከሚታረስ መሬቱ አንድ ስምንተኛውን እንዲያርስ ታዘዘ። በ1944 ወደ ሦስት ስምንተኛ ደረሰ። ያላረሰ መሬቱ ተወስዶ በሌላ ሰው ሊታረስበት ይችል ነበር። የስንዴ ማሳ ከእጥፍ በላይ ሰፋ። ማዳበሪያ ግን የለም፣ መሬቱ ደከመ። በ1941 ደግሞ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ ገበሬውን ሌላ ጣጣ ውስጥ ከተተው።

ስንዴው እንዲበቃ ዱቄቱ ፉርሽካው ሳይለይ ይፈጭ ጀመር። «ጥቁር ዳቦ» አሉት። ሰዉ ጠላው። ሴቶች በስቶኪንግ እየነፉ ነጭ ዱቄት ለማውጣት ይሞክሩ ነበር። ነገሩ የምላስ ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ፉርሽካው ሰውነት ካልሲየም እንዳይወስድ ስለሚያደርግ በደብሊን ድሃ ልጆች ላይ ሪኬትስ በዛ፣ እግራቸው ተጣመመ። መንግሥት ዱቄቱ መልሶ እንዲነፋ ፈቀደ። የሳንባ ነቀርሳም በእነዚያ ዓመታት ጨምሯል። በ1942 ብቻ ከ4,000 በላይ ሰው ገድሏል።

ቢራ በስንዴ ተቀየረ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ለእኔ የዚህ ዘመን ምርጥ የድርድር ታሪክ ይኸው ነው። በ1942 መጋቢት የአየርላንድ መንግሥት እህል አጠረኝ ብሎ ቢራ ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። ጊነስ የሚባለው የደብሊን ቢራ ወደ ብሪታንያ መሄዱ ቆመ። ቤልፋስት ውስጥ ያሉት ወታደሮች የሚጠጡት አጡ። የጦር አዛዦች የወታደሩ ሞራል ጉዳይ ነው ብለው ተጨነቁ። ብሪታንያ ስንዴ ልስጥና ቢራውን ልቀቁ አለች። በኋላም የድንጋይ ከሰል፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ በዚሁ መንገድ ተገኘ። ቸርችል በወደብ ያላገኘውን ዴ ቫሌራ በቢራ አገኘው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስንት ሰው ወደ ብሪታንያ ለሥራ ሄደ?

ከ1940 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ለሥራ የተሰጠው የጉዞ ፈቃድ ወደ 200,000 ይጠጋል። አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ይህ የፈቃድ ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም። የአገሪቱ ሕዝብ ግን በጠቅላላው 3 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር። ከባዱ ዓመት 1942 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ50,000 በላይ ፈቃድ ወጥቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አየርላንድ ውስጥ ፋብሪካ ቆሟል። ብሪታንያ ውስጥ ወንዱ ሁሉ ዘምቶ ሠራተኛ ጠፍቷል። የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል፣ ጥይት ይመረታል፣ የፈረሰ ቤት ይጠገናል። በርሚንግሃም፣ ኮቬንትሪ፣ ለንደን ሰው ይፈልጋሉ። ከኮርክ ፎርድ ፋብሪካ የተቀነሱት ብዙዎቹ ለንደን አጠገብ ወዳለው ዳገንሃም ፎርድ ፋብሪካ ሄዱ። ለዕረፍት ወደ ኮርክ ሲመለሱ አለባበሳቸውና አነጋገራቸው ተለውጦ ይመጣሉ። የአገራቸው ሰው «ዳገንሃም ያንኪ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲቀብጥ ስሙን የሚያወጣለት ሰው የትም አይጠፋም።

ሰው የሚሄደው እንዴት ነበር? በደላላ?

በመንግሥት በኩል ነው። በ1941 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። የብሪታንያ የሥራ ሚኒስቴር ደብሊን ውስጥ አንድ ተወካይ አስቀመጠ። የሚፈለገው ሠራተኛ በአየርላንድ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮዎች በኩል ይመለመል ነበር። ዴ ቫሌራ ይህን በይፋ ማውራት አይወድም ነበር። ገለልተኛ አገር ለተዋጊ አገር ፋብሪካ ሠራተኛ ስትመለምል መታየቱ አሳፋሪ ነበርና።

ሠራተኛው የጉዞ ፈቃድ ካርድ ያወጣል። ፎቶ፣ የቀጣሪው ወረቀት፣ የፖሊስ ማረጋገጫ። ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ከደን ሊሪ ወደ ሆሊሄድ የምትሻገረው የፖስታ መርከብ።

ከ1943 ጀምሮ ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር ተጨመረ። በምዕራብ አየርላንድ ተስቦ ገብቶ ነበር። ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል ነው። ብሪታንያ ሠራተኞቹ ንጹሕ ካልሆኑ አልቀበልም አለች። ስለዚህ መንገደኛው ደብሊን ሲደርስ ልብሱን አውልቆ ይመረመራል፣ ቅማል የተገኘበት ይታጠባል፣ ልብሱ በእንፋሎት ይቀቀላል። የጤና ሠራተኛው ማኅተም ካልመታለት አይሳፈርም። ዓረብ አገር ለመሄድ የሕክምና ምርመራ ሰልፍ የቆመ ሰው ስሜቱን አያጣውም።

የፈለገ ሁሉ መሄድ ይችል ነበር?

አይችልም ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ መንግሥት ሁለት ልብ ነበር። ሥራ አጡ ቢሄድ ይወዳል። አመፅ ይቀንሳል፣ ገንዘብ ይመጣል። ግን እርሻና ተርፍ የሚቆርጥ ሰው ከጠፋ አገሩ ይራባል፣ ይበርደዋል። ስለዚህ የእርሻና የተርፍ ሥራ የለመደ የገጠር ሰው ፈቃድ ይከለከላል። ወጣቶችም ተከልክለዋል፣ ከ22 ዓመት በታች የሆነ ወንድ በቀላሉ አያገኝም። እዚያ ደመወዙ እጥፍ እንደሆነ የሰማ የገጠር ልጅ ካምፕ ገብቶ ረግረግ ሲቆርጥ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

ሴቶችስ?

ብዙ ሄደዋል። አብዛኞቹ በነርስነት፣ በሆስፒታልና በቤት ሠራተኝነት፣ እንዲሁም በጥይት ፋብሪካ። ነርስነቱ የራሱ ምክንያት አለው። አየርላንድ ውስጥ ነርስ ለመሆን ለሆስፒታሉ መክፈል ያስፈልግ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ እየተማርሽ ይከፈልሻል። የትኛዋ ልጅ ናት የምታመነታው?

እዚያ ሲደርሱ ወደ ጦርነት አልተላኩም?

ደንቡ እንዲህ ነበር። ለሥራ የገባ አየርላንዳዊ ለጊዜው የመጣ ይባላል። ሁለት ዓመት ከቆየ ግን ነዋሪ ተደርጎ ስለሚቆጠር ለግዳጅ ውትድርና ሊጠራ ይችላል። ያን ጊዜ ምርጫው ወይ መዝመት ወይ አገር ቤት መመለስ ነው።

በ1944 መጋቢት ደግሞ ብሪታንያ የአየርላንድን ጉዞ ዘጋች። የብሪታንያና የአሜሪካ ጦር በፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ለማረፍ እየተዘጋጀ ስለነበር ወሬ እንዳይወጣ ነው። አዲስ ሠራተኛ አይገባም፣ ያለውም ለዕረፍት አይወጣም። ስለዚህ በዚያ ዓመት የፈቃዱ ቁጥር አሽቆለቆለ።

ሐዋላው አገሩን ጠቀመ?

ቤተሰብን በእርግጥ ጠቅሟል። በምዕራብ መንደሮች የፖስታ ሐዋላ የሚያመጣው ፖስተኛ ከማንም በላይ ይጠበቅ ነበር። የሱቅ ዱቤ ይከፈላል፣ ልጆች ጫማ ያገኛሉ።

ለአገሪቱ ግን ነገሩ ውስብስብ ነበር። ገንዘቡ መጣ፣ የሚገዛበት ዕቃ ግን አልነበረም። ብሪታንያ ከብቱን ወስዳ ፓውንድ ትከፍላለች። ፓውንዱ ለንደን ባንክ ውስጥ ይቀመጣል። ማሽንና ከሰል ስጡኝ ሲባል የለም። በዚህ ሁኔታ አየርላንድ ከጦርነቱ የወጣችው ትልቅ የውጭ ሀብት ይዛ ነው፤ ሀብቱ ያለው ግን በወረቀት ላይ ነው። ማዕከላዊ ባንኳም የተቋቋመው በዚሁ መሐል፣ በ1943 ነው።

ደመወዝ ለምን አልጨመረም?

ታግዶ ነበር። በ1941 ግንቦት ቁጥር 83 የተባለ ትእዛዝ ወጣ። የደመወዝ ጭማሪን አቆመ፣ ለጭማሪ ሥራ ማቆም አድማ የሚመታ ማኅበርም የሕግ ከለላውን እንዲያጣ አደረገ። የዳቦው ዋጋ ግን ትእዛዙን አልሰማም። በኋላ መጠነኛ ጭማሪ ቢፈቀድም ኑሮውን አልደረሰበትም። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያጠብቅ ሕግ መጣ። አንጋፋው የሠራተኛ መሪ ጂም ላርኪን ደብሊን ላይ ትልቅ ሰልፍ ፊት ቆሞ የሕጉን ረቂቅ በክብሪት አቃጠለው። ሕጉ ግን አለፈ። የጉዞ ፈቃዱ ሰልፍ ለምን እንደረዘመ ከዚህ ይገባል። ለደመወዝ መታገል ካልተቻለ የሚቀረው መርከቧ ናት።

ለፍትሐዊነት አንድ ነገር ልጨምር። በ1944 የልጆች አበል ተጀመረ። ከሦስተኛው ልጅ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሽልንግ ተኩል። ብዙ ልጅ ላለው ቤት ትልቅ ነገር ነበር።

በብሪታንያ ጦር የዘመቱ አየርላንዶችስ?

በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በፈቃዳቸው ዘምተዋል። ከእነሱ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉት ከአየርላንድ ሠራዊት ከድተው የሄዱ ናቸው። አንዳንዱ ናዚን ለመውጋት፣ አንዳንዱ ለተሻለ ደመወዝ። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም አሰናበታቸው። የጡረታ መብታቸውን ወሰደ፣ ለሰባት ዓመት በመንግሥት ገንዘብ የሚከፈል ሥራ እንዳያገኙ ከለከለ። ተቃዋሚዎች «የረሃብ ትእዛዝ» አሉት። ይቅርታ የተደረገላቸው በ2013 ነው። ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት እጅግ ጥቂት ናቸው።

በእውነት ገለልተኛ ነበረች?

በወረቀት አዎ። ዴ ቫሌራ ሂትለር ሲሞት በደብሊን የጀርመን መንግሥት ተወካይ ዘንድ ሄዶ እስከ ማጽናናት ደርሷል። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍራቸዋል። በተግባር ግን ሚዛኑ ወደ አጋሮቹ፣ ወደ ብሪታንያና አሜሪካ ወገን፣ ያጋደለ ነበር። የአጋሮቹ አውሮፕላን ሲወድቅ አብራሪው ቀስ ብሎ በድንበር ይሻገራል። ጀርመኑ ካምፕ ይገባል። የአየር ሁኔታ መረጃም ለብሪታንያ ይላክ ነበር። በ1944 ሰኔ መጀመሪያ ላይ በሜዮ ዳርቻ ብላክሶድ በሚባል ቦታ ሞሪን ፍላቪን የተባለች የፖስታ ቤት ሠራተኛ የአየር ግፊቱ እየወረደ መሆኑን መዝግባ ላከች። በኋላ ከእንግሊዝ ተደውሎ ደግመሽ አረጋግጪ ተባለች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። የኖርማንዲው ማረፍ ከሰኔ 5 ወደ ሰኔ 6 እንዲተላለፍ ካደረጉት ዘገባዎች አንዱ ይኸው ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ተመለሰ?

መንግሥት በጅምላ ይመለሳሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሥራ አጥ ተሰልፎ ያስጨንቀናል ተብሎ ዕቅድ ሁሉ ወጥቷል። የሆነው ተቃራኒው ነው። አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ፣ ወንድምና እህትም ጠሩ። ብሪታንያ የፈረሰውን ለመገንባት ሰው ትፈልግ ነበር። በ1950ዎቹ ውስጥ ከ400,000 በላይ ሰው አገሪቱን ለቆ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ የተከፈተው መንገድ ነው የተሄደበት።

ራሽኑም ቶሎ አልቆመም። ዳቦ በራሽን መሰጠት የጀመረው ጭራሽ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1947 መጀመሪያ ነው። የ1946 አዝመራ በዝናብ ተበላሽቶ፣ የ1947 ክረምትም በረዶው ከብዶ ነበር። ሻይ በነፃነት መጠጣት የተቻለው በ1952 ነው።

ዛሬ ከዚያ ዘመን የሚታይ ነገር አለ?

አለ። የተርፍ ዘመቻው ቦርድ ና ሞና የሚባለውን የመንግሥት ድርጅት ወለደ። በ1946 ተቋቁሞ ለአሥርት ዓመታት ረግረጉን በማሽን ሲቆርጥ ኖረ። በ2021 ለአየር ንብረት ሲባል መቁረጡን በይፋ አቆመ።

ሌላው በባሕሩ ዳርቻ ያሉት የድንጋይ ጽሑፎች ናቸው። ከ80 በላይ በሆኑ የባሕር ጥበቃ ጣቢያዎች አጠገብ ነጭ ድንጋይ ተደርድሮ «ኤሬ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አብራሪው ከላይ ሲያይ ይህ ገለልተኛ አገር ነው እንዲል ነው። በኋላ በየጽሑፉ አጠገብ ቁጥር ተጨመረበት፣ ለአሜሪካ አብራሪዎች እንደ ካርታ አገለገለ። ገለልተኝነትን የሚያውጀው ድንጋይ ለአንዱ ወገን መንገድ ጠቋሚ ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሣር በልቷቸው ተረሱ። በ2018 በጋ ከደብሊን በስተ ደቡብ ብሬ ሄድ በሚባል ተራራ ላይ ቁጥቋጦው ተቃጠለ። እሳቱን ከላይ ሲቃኝ የነበረ ሄሊኮፕተር ቁልቁል ሲያይ፣ ከአመዱ ውስጥ ፊደሎቹ እንዳሉ ነበሩ።